ባለ 14 ፎቁ ሕንጻ ለእኛ ሰፈር አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ላይ ስለ አፓርታማ ብዙ ይጻፋል። ካሬው ስንት ገባ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ፐርሰንት ነው፣ የትኛው ሰፈር ላይ አዲስ ሳይት ተከፈተ። የገዢውና የሻጩ ነገር በደንብ ተነግሯል። ሕንጻው አጥር ለአጥር የሚቆምበት የሰፈር ሰው ምን እንደሚል ሲጻፍ ግን ብዙም አላየሁም። እኔ ከዚያ ሰፈር ነኝና ልናገር።

የምኖረው ቦሌ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ሰፈራችን በደርግ ጊዜ በማህበር የተደራጁ ሰዎች የሠሩት ነው። አብዛኛው ቤት ፎቅ የለውም። አንዳንዱ ላይ ልጅ ሲያገባ ወይም የኪራይ ገቢ ሲያስፈልግ አንድ ፎቅ ተጨምሮበታል፣ ከዚያ በላይ የለም። አሁን በመካከላችን ሦስት ግቢዎች ተገዝተው ተቀላቅለዋል። ቤቶቹ ፈርሰዋል። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሮ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሎበታል፤ ባለ 14 ፎቅ አፓርታማ፣ ከሥሩ ሁለት ቤዝመንት። ቁፋሮው ተጀምሯል። የአልሚውን ስም አልጠራም። ዛሬ እሱ ነው፣ ነገ ሌላ ይመጣል፤ ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

አቋሜን ሳላድበሰብስ ልናገር። ይህ ሕንጻ በዚህ ቁመቱ እዚህ ቦታ ላይ መሠራት የለበትም። ከተማዋ ወደ ላይ ማደጓን አልቃወምም። አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ላይም ቅሬታ የለኝም፣ የራሴ ልጅ የምትኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። የምቃወመው ለጥቂት ቤተሰብ ተብሎ በወጣ መንገድ፣ በተዘረጋ የውሃ ቱቦና በተቆፈረ የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ሃምሳና ስድሳ ቤተሰብ አምጥቶ መጫንን ነው። ያውም እዚያ የሚኖረውን ሰው አንድ ቃል ሳይጠይቁ።

ስለ ሰፈሩ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ቪላ ሲባል ብዙ ሰው የሀብታም መንደር ይመስለዋል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ወታደሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ማህበር እያቋቋሙ ቦታ ተመሩ። ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተበደሩ። ከደመወዛቸው እየተቆረጠ ለዓመታት ከፈሉ። ብዙዎቹ ቤታቸው የገቡት በሩና መስኮቱ በቅጡ ሳይገጠም ነው፤ ሸራ ጋርደው፣ አፈር ወለል ላይ ተኝተው፣ አንድ ዓመት ሊሾ፣ ሌላ ዓመት ኮርኒስ እያሉ ነው የጨረሱት። ኮብልስቶን ሲነጠፍ አዋጥተናል። አጥሩን፣ ቦዩን፣ የእድሩን አዳራሽ የሠራነው በራሳችን መዋጮ ነው። ዛሬ እነዚያ ሰዎች ጡረተኞች ናቸው። የጡረታ አበላቸው የወር አስቤዛ አይሸፍንም። ያላቸው ሀብት ይኸው ቤት ብቻ ነው።

ታዲያ እነዚህ ሦስት ግቢዎች እንዴት ተሸጡ? የአዲስ አበባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ወላጅ ይሞታል፣ ልጆቹ ገሚሱ እዚህ ገሚሱ ውጭ ናቸው፣ አንዱ ልሸጥ ይላል፣ አንዷ የእናቴ ቤት አይሸጥም ትላለች፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ በመጨረሻ ቤቱ ተሸጦ ይካፈሉታል። ደላላ ደግሞ ለቅሶው ሳይወጣ በር ያንኳኳል። አንድ ግቢ ከተገዛ በኋላ አጎራባቹ ላይ ግፊቱ ይጀምራል። መጀመሪያ በጥሩ ዋጋ፣ ቀጥሎ «አንተ ባትሸጥም በዙሪያህ ሕንጻ ይከብሃል፣ ያኔ ማንም አይገዛህም» በሚል ማስፈራሪያ።

የሸጡትን አልወቅስም። የራሳቸው ንብረት ነው፣ የቸገረው ሰው ይሸጣል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ፣ ማለትም ሊዝ ከመምጣቱ በፊት በተያዘ ቦታ፣ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው በሊዝ ሥርዓት እንዲያዝ ያደርጋል። ስለዚህ ግቢው ሲሸጥ ጉዳዩ የገዢና የሻጭ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከተማ አስተዳደሩ ከአዲሱ ባለይዞታ ጋር ተቀምጦ ውል ይዋዋላል። እዚያ ቦታ ላይ ምን ይሠራ፣ ስንት ፎቅ ይሁን የሚለው መወሰን ያለበትም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። «እኛ ምን እናድርግ፣ የግል ንብረት ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። የሚደረግ ነገር አለ፣ የሚፈርመውም መንግሥት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ማስታወቂያው በእያንዳንዱ ወለል 4 ቤት ይላል። 14 ወለል በ4 ቤት 56 ቤት ነው። በየቤቱ 4 ሰው ብናደርግ 224 ሰው። ትናንት ሦስት ቤተሰብ የነበረበት ቦታ ላይ ማለት ነው። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ውሃ ይጠቀም ብንል፣ ያውም ሻወርና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለበት ቤት ከዚያ በላይ ነው፣ ሕንጻው በቀን ወደ 18 ሺህ ሊትር ይፈልጋል።

ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃችን ሲደርስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ሰው ተነሥቶ ሮቶውንና ጀሪካኑን ይሞላል። ቱቦው የተዘረጋው ሰፈሩ ሲመሠረት ነው። ትልቅ ሕንጻ መስመሩ ላይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከሌሎች ሰፈሮች አይተናል። ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ ማጠራቀሚያ ይቀበራል፣ ኃይለኛ ፓምፕ ይገጠማል፣ ውሃ በመጣች ሰዓት ፓምፑ ይስባታል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ቧንቧ አየር ብቻ ይተፋል። አልሚው የጉድጓድ ውሃ እቆፍራለሁ ቢል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃም ማለቂያ የሌለው አይደለም፣ ማን ፈቀደ፣ ማንስ ይቆጣጠረዋል?

ከውሃው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን የፍሳሹ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ዝም ብዬ አላልፍም። በእኛ መንገድ ሥር የፍሳሽ መስመር የለም። ቃሊቲ ማጣሪያ የሚሄደው መስመር እኛ ጋ አልደረሰም። እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ አለው፣ ሲሞላ መጣጭ መኪና ተጠርቶ ይወስደዋል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ይበቃል። አሁን ከዚያ 18 ሺህ ሊትር ውስጥ አብዛኛው በየቀኑ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። በየቀኑ! መጣጭ መኪና ጠዋትና ማታ ይመላለስ? ወረፋውና ክፍያው የሚታወቅ ነው፣ ማንም ለዓመታት እንዲህ አያደርግም። የሚሆነው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሌሊት ወይም ዝናብ ሲጥል ፍሳሹ ወደ ጎርፍ ቦይ ይለቀቃል። ቦዩ ክፍት ነው፣ በየበራችን ያልፋል፣ ሕጻናት ይዘሉታል። ከዚያ ወደ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙም ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ዳር በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፣ ያ ጎመን ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። ከተማ አስተዳደሩ የወንዝ ዳርቻ ልማት ብሎ ስንት ብር እያፈሰሰ ወንዞችን ለማጽዳት በሚሠራበት ጊዜ፣ ከላይ ደግሞ የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር ባለ 14 ፎቅ ይፈቀዳል። ሁለቱ ውሳኔዎች የአንድ ከተማ ውሳኔዎች ናቸው ብሎ ማመን ይከብደኛል።

መብራቱን በአጭሩ ልለፈው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር አሁን ባለው ጭነት በበዓል ዋዜማ ይጠፋል። 56 ምጣድ፣ 56 ምድጃና ሁለት አሳንሰር ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው። ሕንጻው ጄኔሬተር ይኖረዋል። የጄኔሬተሩ ጩኸትና ጭስ ግን ለእኛ ነው።

መንገዱ ጠባብ ነው። አንድ መኪና ጥግ ይዞ ከቆመ ሌላው ተጠንቅቆ ያልፋል፣ ሁለቱም ትልልቅ ከሆኑ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሁን ሲኖ ትራክና ሚክሰር ይገቡበታል። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሚገደብ የሚመጡት ሌሊት ነው። አፈር ሲጫን ይነጋል። ሕንጻው ሲያልቅ ደግሞ የነዋሪው መኪና አለ፣ የእንግዳው መኪና አለ፣ የዴሊቨሪው ሞተር አለ። ምድር ቤቱ ውስጥ ስንት መኪና ይገባል ብለን ጠይቀን የነገረን የለም። እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና በዚህ መንገድ እንዴት ይገባል? 14ኛው ፎቅ ላይ ያለችው እናት ልጆቿን ይዛ በየት ትወርዳለች? ይህንን የምለው ለራሴ ብዬ አይደለም። እዚያ ሕንጻ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ጎረቤቶቼ ናቸው የሚሆኑት፣ የእነሱም ደህንነት ያሳስበኛል።

ደግሞ መንገዱ ለመኪና ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ሰው ሲሞትብን የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይመጣል፣ ለቀስተኛው ሦስት ቀን እዚያ ይቀመጣል። መኪና ያለው ሰው በሌላ በኩል ዞሮ ይገባል፣ ማንም አያማርርም። ሠርግም እንደዚያው። በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ነው። የ56 ቤት መኪና መውጫና መግቢያ በሆነ መንገድ ላይ ድንኳን ትተክላላችሁ? የት ሄደን ነው የምናለቅሰው? ይህን ጥያቄ ለአንድ ኃላፊ አንስተንለት ነበር። አዳራሽ ተከራዩ አለን።

አሁን ስለ ቁፋሮው። የቦሌ አካባቢን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሬቱ ራሱ እጅ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የቆመ የድሮ ቤት ድሮውንም በጥንቃቄ ነው የሚኖረው። ሁለት ቤዝመንት ለመሥራት 6 እና 7 ሜትር ወደ ታች ሲቆፈር፣ ጎኑ በደንብ ሳይደገፍ ክረምት ሲገባበት፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤት መሠረቱ ሥር ያለው አፈር ወደ ጉድጓዱ ይንሸራተታል። አሁኑኑ ምልክቱ እየታየ ነው። አጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቴ የሳሎን ግድግዳቸው ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቋል። የአንዱ ጎረቤት የብረት በር አልዘጋ ብሏል፣ ምሰሶው ስላዘነበለ። ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሲነገረው ቤቱ ያረጀ ነው፣ ስንጥቁ የቆየ ነው አለ። ማስረጃ ከሌለህ ምን ትላለህ?

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ በጎኑ ቆርቆሮ የታጠረበት ሰው ካለ አንድ ነገር ልምከረው። ቁፋሮ ሳይጀመር የቤትህን ግድግዳ፣ ወለል፣ አጥር፣ በር ሁሉንም ፎቶ አንሣ፣ ቪዲዮም ቅዳ፣ ቀኑ ይታይ። ከቻልክ ሙያ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ አምጥተህ በጽሑፍ አስመዝግብ። ከአልሚው ጋር የጉዳት ካሣ ስምምነት ተፈራረም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መግባቱን በወረቀት አሳየኝ በለው። እኛ ይህን የተማርነው ከሌላ ሰፈር ሰዎች ነው፣ ለግማሾቻችን ዘግይቶ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ማንበብ አይከለከልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማወክና መጉዳት እንደሌለበት ይናገራል። ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጫጫታና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም ይላል። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው፣ ቃል በቃል የእኛን ጉዳይ የሚናገር ይመስላል። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ደግሞ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንጻን ምድብ ሐ ውስጥ ነበር የከተተው። ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው ማለት ነው። ይኼኛው ወደ 45 ሜትር ይጠጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 299/1995። የግምገማ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ይሰጥበት ይላል። ለዚህ ሕንጻ ጥናት ተሠርቷል ወይ ብለን ጠየቅን፣ መልስ የለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማህበረሰባቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ ይገባል ይላል፣ አንቀጽ 92ም ይደግመዋል። እኛን የጠየቀን ሰው የለም። ስለ ሕንጻው የሰማነው ቆርቆሮው ላይ ከተሰቀለው ማስታወቂያ ነው፤ እሱም ለእኛ የተጻፈ አይደለም፣ ለገዢ ነው።

ቢሮ ስንሄድ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው። ፕላኑ ይፈቅዳል። እሺ፣ ፕላኑን አሳዩን። ነገ ኑ። ነገ ስንሄድ ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር ደብዳቤ አስገብተው፣ ቁጥር አስይዘው፣ ማህተም አስመትተው እስካሁን የጽሑፍ መልስ አላገኙም። ፕላኑ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይጎዳል? ይፈቅዳል የተባለው ነገር በየትኛው መንገድ ስፋት፣ በየትኛው የፍሳሽ መስመር ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ አንብበን እንረዳ። ለመረዳት ዝግጁ ነን።

ቀጥሎ የምናገረውን አንዳንድ ሰው የቅንጦት ጉዳይ ያደርገዋል፣ ለእኔ ግን እንደዚያ አይደለም። ሕንጻው የሚቆመው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ነው። 45 ሜትር ሆኖ ሲቆም አጠገቡ ያሉት ቤቶች በኅዳርና በታኅሣሥ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ፀሐይ አያዩም። የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ። አሮጊቶቻችን ጠዋት ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ መድኃኒታቸው ነው። በርበሬና የሽሮ እህል የሚሰጣው፣ ብቅሉ የሚደርቀው ግቢ ውስጥ ነው። አሁንም ቢሆን ከግንባታው አቧራ የተነሣ ሴቶቹ በርበሬ ማስጣት አቁመዋል፣ ዘመድ ቤት ተሸክመው እየወሰዱ ነው። በረንዳዎቹ ደግሞ ወደ እኛ ግቢ ነው የሚያዩት። ቅድም የጠቀስኳቸው ግድግዳቸው የተሰነጠቀባቸው እማማ «ልጄ፣ ገዛ ግቢዬ ውስጥ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እግሬን ልታጠብ አልችልም ማለት እኮ ነው» አሉኝ። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው፣ የቀራቸው ያቺ ግቢ ናት። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

አሁን ወደ ተቃራኒው ሐሳብ። አውቀዋለሁ፣ ይባላል፤ «የቤት እጥረት እያለ እናንተ ለፀሐያችሁ ትጨነቃላችሁ።» የቤት እጥረቱ እውነት ነው። በ2005 ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤት (ኮንዶሚኒየም) ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቧል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ዛሬም በኪራይ ቤት ይንከራተታል። ንግድ ባንክ ደብተር ከፍተው ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው የቆጠቡ ሰዎች አውቃለሁ። የእነሱ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እጄ ይከብደኝ ነበር።

ግን ይህ ሕንጻ ለእነሱ አይደለም። ካሬው ከመቶ ሺህ ብር በላይ ነው። 80 ካሬ የሆነች ቤት ከ8 ሚሊዮን ብር በላይ ማለት ነው። አስተማሪ ነው የሚገዛው? ነርስ? የ2005 ተመዝጋቢ? ማስታወቂያው ራሱ በግልጽ ይናገራል፤ ውጭ አገር ላላችሁ በዶላር ስትከፍሉ ልዩ ቅናሽ አለን ይላል። ዳያስፖራውን አልነቅፍም፣ አገሩ ቤት ይኑረው፣ መብቱ ነው። ነገር ግን ቤቱ ተገዝቶ ለዓመታት ተቆልፎ የሚቀመጥ ከሆነ የቤት እጥረቱን አላቃለለም። ማታ ቦሌ አካባቢ ዞር ብላችሁ አዳዲሶቹን ሕንጻዎች ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። መብራት የበራበትን መስኮት ቁጠሩ። ገንዘብ ከዋጋ ንረት የሚሸሸግበት ቤት ሌላ ነው፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ሌላ ነው። የቤት ፈላጊውን እንባ ለሁለቱም እኩል ምክንያት ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

ፒያሳና ካዛንቺስ የፈረሱባቸው ሰዎች ይህን ሲያነቡ የእናንተ ችግር ምን ሊሆን ነው ይሉ ይሆናል። እውነት አላቸው፣ የእነሱ ከባድ ነው። ከዘመድ፣ ከእድር፣ ከሥራቸው ተለይተው ርቀው ሄደዋል። በሁለታችንም ላይ የደረሰው ግን ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ውሳኔው አልቆ ይመጣል፣ ነዋሪው መጨረሻ ላይ ይሰማል።

ታዲያ የት ይሠራ? ቦታ አለ። የቀላል ባቡሩ መስመር 34 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት መስመር ግራና ቀኙን ብትመለከቱ ስንት ቦታ ላይ ዛሬም ቆርቆሮ፣ ጋራዥና ባዶ ሜዳ ነው። ሰው የሚበዛበት ሕንጻ መቆም ያለበት ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሰፊ መንገድ ላይ፣ የፍሳሽ መስመር ባለፈበት ነው። ሌላም አለ። በሊዝ ተወስደው ለዓመታት ታጥረው ሣር የበቀለባቸው ቦታዎች አሉ። ሕጉ ግንባታ የሚጀመርበትን ጊዜ ይወስናል፣ ያላከበረ ቦታውን ይቀማል ይላል። ይተግበር። መዋቅራቸው ቆሞ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅባቸው ያላለቁ ሕንጻዎችም በየመንገዱ አሉ፤ እነሱ ቢያልቁ ብቻ ስንት ቤት ይወጣል!

በእኛ መንገድ ውስጥ ምንም አይሠራ አላልኩም። ጂ+2 ይሠራ፣ ጂ+3ም ቢሆን ከአጥሩ ራቅ ብሎ፣ ፍሳሹ መላ ተበጅቶለት ከሆነ እንነጋገር። የሰፈሩ ሰው ራሱ ቢፈቀድለት ልጆቹን የሚያስጠጋበት ፎቅ መጨመር ይፈልጋል። እንዲያውም አንድ የሚያናድደኝ ነገር፣ የጡረተኛው ልጅ በአባቱ ግቢ አንድ ፎቅ ልጨምር ሲል ስንት ወረቀት ይጠየቃል፣ ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ ባለ 14 ፎቁ ግን እኛ ሳናውቅ ፈቃድ ይዞ ይመጣል። ሁሉም ግቢ ትንሽ ትንሽ ቢጨምር ሰፈሩ ብዙ ሰው ይይዛል፣ መንገዱም ይችለዋል፣ ገንዘቡም እዚያው የሚኖረው ሰው ኪስ ይገባል። ይህን ለምን ማንም እንደ ልማት እንደማይቆጥረው አይገባኝም።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ቁፋሮው ለጊዜው ይቁም፣ ክረምት ሳይገባ ጎኑ በባለሙያ ይደገፍ፣ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ሰው ላይ ቤት ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ። ከአልሚው ነጻ የሆነ መሐንዲስ መጥቶ የተሰነጠቁትን ቤቶች ይይ፣ ካሣውም ይወሰን። የውሃ፣ የፍሳሽና የመንገዱ አቅም ተጠንቶ ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ወረዳው ላይ ይለጠፍ። የፎቁ ቁጥር ከዚያ ጥናት ተነሥቶ ይወሰን። አልሚው ከዚህ ቀደም ከሰዎች ቅድመ ክፍያ ሰብስቦ ከሆነም አስተዳደሩ አሁኑኑ ጣልቃ ቢገባ ለገዢዎቹም ይሻላል። ሕንጻው ግማሽ ደርሶ ቢታገድ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እንፈልጋለን። ጋዜጠኛ ላኩልን። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድራችን አዳራሽ ክፍት ነው፣ ሊቀመንበሩም ጸሐፊውም ይገኛሉ። ያስገባናቸውን ደብዳቤዎች ቅጂ አዘጋጅተናል። ቤቶቹንም ቤተሰቦቹ ፈቅደዋል፣ ገብታችሁ ፎቶ ማንሣት ትችላላችሁ። ለአልሚውም፣ ለክፍለ ከተማውም ደውላችሁ የእነሱን ሐሳብ ጠይቁና አብራችሁ አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦሌ ክፍለ ከተማ ነዋሪ
አዲስ አበባ